ወይፈን ቁጥር 236

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሠላሳ ሁለት ሳጥን በአንድ ቀን። የኮርማ መሸጫው ወር ስለደረሰ አርቢው ሁሉ የከብቱን የዘር ምርመራ ውጤት ቶሎ ይፈልጋል። ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ የምሠራበት ላቦራቶሪ እስክደርስ ሽፋሽፍቴ በረዶ ቋጠረ።

የሚስተር ዌንደል ወይፈኖች ስልሳ ናቸው። የጆሮ ቁራጭ የያዙት ብልቃጦች ላይ ደም ደርቆባቸው ስካነሩ አላነብ አለ። ቁጥሩን በዓይኔ እያየሁ በእጄ ታይፕ አደረግኩ፣ ብልቃጦቹንም እንደየቁጥራቸው በሳጥኑ ቀዳዳ ደረደርኩ። አብራኝ የምትሠራው ዮርዲ ሁለተኛ ተመልካች ሆና ፈረመች። ስልሳውም ከምሳ በፊት አለቀ።

የወጥ ቤቱ አምፖል ደክሟል። ነገ መቀየር።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ዮርዲ ከተቀጠረች አራት ወሯ ነው፤ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። እኔ ቁጥሩን መዝግቤ ብልቃጡን በቦታው ካስቀመጥኩ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ትንሽ ሥጋ እየቆረጠች ለማሽኑ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ዛሬ ምሳ ላይ፣ «እትዬ ርግበ፣ ላይክ፣ ጆሮ እኮ ነው። ከጆሮ ላይ ስለ ስቴኩ እንዴት ያውቃሉ?» አለችኝ።

እንደ ረጅም ጽሑፍ አስቢው አልኳት። የሁለት ወይፈኖች ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢነበብ አብዛኛው አንድ ነው። አልፎ አልፎ ግን አንዲት ፊደል ትለያለች። ማሽኑ እንዲህ ያሉ ሃምሳ ሺህ ቦታዎችን ያያል። ቀንድ ማብቀል አለማብቀሉ በአንድ ቦታ ሊወሰን ይችላል። ጥጃው ሲወለድ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሥጋው ውስጥ የሚገባው ስብ፣ የበላው መኖ ምን ያህል ሥጋ እንደሚሆን ግን የብዙ ሺህ ትንንሽ ልዩነቶች ድምር ነው። እያንዳንዷ ልዩነት ብቻዋን እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም።

«ስለዚህ ጥሩ ኮርማ ማለት ላኪ ነው» አለች። ላኪ ማለቷ ዕድለኛ ለማለት ነው። አልተሳሳተችም።

እኔ በወጣትነቴ፣ ኢትዮጵያ እያለሁ፣ በአንድ የመንግሥት እርባታ ጣቢያ አዳቃይ ነበርኩ። አንድ ኮርማ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ልጆቹ ተወልደው፣ አድገው፣ እነሱም ወልደው፣ ወተታቸው እስኪለካ ድረስ ስድስት ሰባት ዓመት እንጠብቅ ነበር። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጣቢያው ውስጥ «የርግበ ቁጥር አይሳሳትም» ይባል ነበር። እዚህም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ስሕተት አልተገኘብኝም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

አምፖሉን ቀየርኩ። አዲሱም ያው ነው። የዚህ አገር ዕቃ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙሩን ስክሪን ላይ የሚያወጡት ልጆች ፊደሉን በየሳምንቱ ያሳንሱታል። ሌሎቹ ሲዘምሩ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

ልጄ ኣርሴማ አልመጣችም። ከምትኖርበት ከቸስተርሚር በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስደውልላት «ማሚ፣ ዚስ ዊክ ቢዚ ነኝ፤ ሃይልኣብም ሺፍት አለው» አለች። ድምጿ ጎርነን ብሎብኛል። ጉንፋን ነው አለች። ባልሽን ሰላም በይልኝ ስላት «እሺ» ብላ ዘጋችው።

የተወለድኩት አስመራ ነው፤ ትግርኛ እናገራለሁ። መጻፍ የተማርኩት ግን በአማርኛ ስለሆነ ከራሴ ጋር የማወራው በዚሁ ነው። ኣርሴማ ሁለቱንም ማንበብ አትችልም። አንዳንዴ ደስ ይለኛል፤ ደብተሩን እንደልቤ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እንደልቤ መተዌ ራሱ ያሳዝነኛል። ማን ሊመጣ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

የሚስተር ዌንደል ውጤት ወጣ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ግራንት ወረቀቱን ይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ «ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ኮከብ ነው። ይህን ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም» ሲል ሰማሁት። ልጆቹ ሲወለዱ ቀላል፣ ሲያድጉ ፈጣን፣ ሥጋቸው የሰባ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ከብት አይገናኙም፤ ሲወለድ ትንሽ የሆነ ሲያድግም ትንሽ ይሆናል። 286 ላይ ተገናኝተዋል።

236 ደግሞ ከስልሳው መጨረሻ ነው። ጥጃዎቹ ትልልቅ ሆነው ይወለዳሉ፣ ጊደሮች ላይ ቢለቀቅ ምጥ ያስቸግራቸዋል ይላል።

286። 236።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

የዌንደልን ብልቃጦች የመዘገብኩ ቀን አንድ ነገር ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት ብልቃጥ ቀርቶኝ፣ አንዱን አንብቤ አስቀመጥኩና ሌላውን ሳላነብ «የቀረው እንግዲህ ይሄ ነው» ብዬ በቀረው ቀዳዳ ከተትኩት። ትክክል ነው። የመጀመሪያው ትክክል ከሆነ ሁለተኛው ትክክል ነው።

አንብቤዋለሁ። ደም ነበረበት እንጂ አንብቤዋለሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ሚስተር ዌንደል ራሱ መጣ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሚያወራ ሰው ነው። እኔ መቀበያው ጋ ሳጥን እየተረከብኩ ነበር። ለግራንት እንዲህ አለው፤ «236ን ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሌሎች ጋር ጫንኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር። እናቱ ስትወልድ አንድ ቀን እርዳታ ፈልጋ አታውቅም። በዓይኔ ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የማስቀረው። ግን ወረቀቱ ወረቀት ነው።»

ግራንትም «ዓይን ይሳሳታል፤ ለዚህ ነው እኛ ያለነው» አለው።

የጫነው ወደ ቄራ ነው። ሳጥኑን አቅፌ ቆሜ ነበር። ሚስተር ዌንደል ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ርቆ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም። እኔም ፈገግ አልኩ።

ዓርብ፣ ማርች 7

ከሥራ ስመለስ ሰንሪጅ ላይ የሌላ ሰፈር አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ቁጥሩ ላይ በረዶ ነበር። ሾፌሩ መጨረሻ ፌርማታ ላይ «እዚህ ያበቃል» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ወደ ሰፈሬ ወደ ሞንተሬይ ፓርክ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል።

ደጃፍ ላይ ደረጃውን ስቼ ጉልበቴን መታሁ። በረዶው ሲያንጸባርቅ ሁሉም አንድ ነጭ ነው።

ለኣርሴማ አልነገርኳትም። ብነግራት «ቤዝመንታችን ባዶ ነው፣ ነይ» ትላለች። ሥራ ትቼ የሰው ቤዝመንት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማሞቂያውን ድምፅ ልሰማ። ደግሞም ላትለኝ ትችላለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብላኝ አታውቅም።

ሰኞ፣ ማርች 17

286 ቅዳሜ ተሸጠ። የገዙት በቅርቡ ከብት ማርባት የጀመሩ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። አርባ ጊደር አሏቸው፤ ጁን ላይ ይለቁባቸዋል።

አርባ ጊደር። ሁሉም የመጀመሪያቸው።

ጣቢያው እያለሁ አንድ ጊደር ጥጃው ትልቅ ሆኖባት ሁለት ቀን ስታምጥ አይቻለሁ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ የጥጃውን እግር ይዤ ነበር። የሆነውን መጻፍ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ምሳ ከዮርዲ ጋር። ጾም ስለሆነ ሁለታችንም ምስር ይዘን መጥተናል። ባሏ አዲስ አበባ ነው፤ ልታመጣው አመልክታ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

«ሎየሩ የሥራ ደብዳቤ አፕዴት አድርጊ አለኝ» አለች። «ፕሮቤሽኔ ሜይ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ግራንት ፐርማነንት ነሽ ብሎ ይጽፍልኛል። እትዬ ርግበ፣ ለእርስዎ ባይሆን ይህን ሥራ አልችለውም ነበር። ቁጥሮቹን ሳይ ራሴን ያዞረኛል። እርስዎ ካዩት ግን እኔ ማየት አያስፈልገኝም፣ አይ ጀስት ሳይን።»

ማየት አለብሽ ልላት አፌን ከፍቼ ምስሩን ጎረስኩ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ባልና ሚስቱ 286ን በሌላ ላቦራቶሪ በድጋሚ አስመርምረውታል። ውጤቱ ከእኛ ጋር አይገናኝም። ሌላ እንስሳ ነው። የእነሱ ወረቀት የሚለው ልክ እኛ ስለ 236 የጻፍነውን ነው።

ግራንት በሩን ዘግቶ ስልክ ላይ ሲናገር ሰማሁ። «ተለዋውጠዋል» ሲል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ሆሳዕና። ዘንባባ ይዤ ቆምኩ፣ ምን እንደተነበበ አልሰማሁም። ያ ሽማግሌ በዓይኑ ያወቀውን እኔ በቁጥር ገደልኩበት እያልኩ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ እኔ ላልሆን እችላለሁ። ሁለት ሰው ነው የሠራው። ማሽኑም አለ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ግራንት ሁለታችንንም ጠራን። ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳ። ብልቃጦቹ አሁንም በመጡበት ሳጥን ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ሳጥኑ ይከፈታል። 236 እና 286 በተሳሳተ ቀዳዳ ከተገኙ ስሕተቱ የምዝገባው ነው። በትክክለኛ ቀዳዳቸው ከተገኙ ግን ስሕተቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥጋው ተቆርጦ ለማሽኑ ሲዘጋጅ።

ይህን ሲል ወደ ዮርዲ ዞረ። ስለ እኔ «ርግበ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም አልተሳሳተችም» አላት፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

ዮርዲ፣ «አይ ዶንት ኖው፣ የተሳሳትኩ አይመስለኝም» አለች።

ነገ ቢሮው በጊዜ ስለሚዘጋ፣ ዓርብና ሰኞም በዓል ስለሆነ፣ ሳጥኑ የሚከፈተው ማክሰኞ ነው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ሁሉም ከወጡ በኋላ ቆየሁ። የፍሪዘሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ብልቃጦቹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ጣቴን ዘርግቼ አተለቅኳቸው። በ236 ቀዳዳ ያለው ብልቃጥ ላይ 286 ይላል። በግልጽ። ሕፃን ልጅ ያነበዋል።

ሳጥኑን መልሼ ቆለፍኩት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ኣርሴማ መጥታ ወደ ቸስተርሚር ወሰደችኝ። ሃይልኣብ የለም።

«በፋሲካ ቀን ሺፍት?» አልኳት።

«ምን ይደረግ፣ ማሚ።»

ዶሮውን ሁለታችን በላን። ቤቱ ያስተጋባል፤ ሶፋው ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል መሰለኝ። ኮቴን ልሰቅል ቁም ሣጥኑን ስከፍት እጄ ባዶ መስቀያ መታ፤ ብዙ ባዶ መስቀያ። ኣርሴማ ከኋላዬ መጥታ ኮቴን ተቀበለችኝ። ከስታለች ወይ ልብሷ ሰፍቷት ነው። የራሴ ሐሳብ ይዞኝ ስለነበር ብዙ አላወራንም። ስትመልሰኝ የሚመጡት መኪኖች መብራት እንደ ጃርት እሾህ ይበታተናል። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ተኝታለች ብላ ሬዲዮውን ቀነሰችው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ሳጥኑ ተከፈተ። 236 በ236 ቀዳዳ፣ 286 በ286 ቀዳዳ። ዮርዲ ወደ ቤቷ ተላከች፤ ውሳኔው እስኪነገራት ድረስ እንዳትመጣ። የሥራ ካባዋን ስትሰቅል አየኋት። «እትዬ ርግበ፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄ ነበር። እየጠየቀችኝ ነበር።

አይዞሽ አልኳት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25

ለሁለት ቀን አልጻፍኩም። ዮርዲ የሠራችበት ጠረጴዛ ባዶ ነው። ሥራው ሁሉ በእኔ ላይ ስለወደቀ ዛሬ እያንዳንዱን ብልቃጥ በስልክ ፎቶ እያነሳሁ ነው ያነበብኩት። ሃያ ሳጥን ሳይነካ ቀረ። ግራንት «አይዞሽ፣ ስለ ዮርዲ አዝነሽ ነው» አለኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 27

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት የጻፍኩት ሙሉ አይደለም። ከመቆለፌ በፊት ሁለቱን ብልቃጦች አለዋውጬ በየትክክለኛ ቀዳዳቸው አስቀምጬያቸዋለሁ። ያን ሳደርግ ለራሴ ያልኩት «ማስተካከል ነው» ነበር። ስሕተት አየሁ፣ አስተካከልኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው።

ያን ያደረግኩት ማን ላይ እንደሚያርፍ አውቄ ነው። ግራንት ከአንድ ቀን በፊት ነግሮናል። አውቄ ነው።

ዓይኔም አያይም። ይሄውና ጻፍኩት። አምፖሉ አይደለም፣ በረዶው አይደለም፣ ደሙ አይደለም። ሦስትና ስምንት አንድ ከሆኑብኝ ዓመት አልፏል። ሐኪም ጋ ያልሄድኩት ይህን እንዳይነግረኝ ነው። ሥራው ከሌለ በሳምንት ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ያደረግኩት «ርግበ፣ ጉድ ሞርኒንግ» እንድባል ነው። ለዚያ ነው የሰው ልጅ ከሥራ ያስወጣሁት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ነገርኩት።

ግራንት አላመነኝም። «ልትሸፍኚላት ነው፤ ያገርሽ ልጅ ስለሆነች» አለ።

«አይደለም» አልኩት። «ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ሐሙስ ማታ፣ ብልቃጦቹን ያለዋወጥኳቸው እኔ ነኝ። ከመለዋወጤ በፊት ያነሳሁት ፎቶ ስልኬ ላይ አለ።»

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስቶ፣ «ይህን አንብቢልኝ» አለኝ።

«ወረቀት መሆኑን አያለሁ» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «ለምን በመጀመሪያ አልነገርሽኝም? ትልቅ ስክሪን እገዛልሽ ነበር። ሌላ ቦታ አስቀምጥሽ ነበር። ስሕተቱን ማንም ይሳሳታል። ሐሙስ ማታን ግን ምን ላድርገው?»

ካባዬን አውልቄ አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ተሰናብቻለሁ። ዮርዲ ተመልሳለች። ሦስት ጊዜ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። በአራተኛው አንስታ፣ «እትዬ ርግበ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ራሴን ስጠረጥር ነው የከረምኩት። እጆቼን እያየሁ። አሁን ማውራት አልችልም» ብላ ዘጋችው። እርስዎ ማለቷን አልተወችም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ኑዛዜዬ ጊደሮቹን አላዳነም፤ እነሱን ያዳናቸው ድጋሚው ምርመራ ነው። ባልና ሚስቱ 286ን መልሰዋል። 236ንም ኑዛዜዬ ከቄራ አልመለሰውም።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሞራ ነው አለኝ፣ በሁለቱም ዓይን። በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ተራው ግን ኖቬምበር ነው። ቢዘገይስ ብዬ ብጠይቀው «አሁንም ዘግይቷል» አለ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ለኣርሴማ ሁሉንም ነገርኳት። ሚስተር ዌንደል ጋ ውሰጂኝ አልኳት። ለምን ሳትለኝ ወሰደችኝ። ከከተማው ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳች።

በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። «ግራንት ደብዳቤ ጽፎልኛል» አለ። «ጨዋ ደብዳቤ ነው። ግን ውስጡ ሰው አልነበረም።»

«ሰውየዋ እኔ ነኝ» አልኩት። «ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዚያም የደበቅኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ነፋሱ ሣሩን ሲያስተኛው ይሰማል። ኣርሴማ ክንዴን ይዛኛለች። ከዚያ «ነይ» ብሎ ወደ አጥሩ ወሰደኝ።

የ236 እናት እዚያ ነበረች። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ወልዳለች፤ ወንድ። ሚስተር ዌንደል «ያለ ማንም እርዳታ» አለ። ላሚቱ የሰው እጅ የለመደች ናት። ፈቃዱን ጠይቄ ዳሌዋን በእጄ ዳሰስኩ፤ ሰፊ ነው፣ አጥንቱ ዝቅ ያለ፣ ለመውለድ የተሠራ። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።

«ጥሩ ላም ናት» አልኩት።

«በምን አወቅሽ?»

«ድሮ ሥራዬ ነበር።»

ጥጃው ከእናቱ ኋላ ቆሞ ነበር፣ ለእኔ ጥቁር ነገር ነው። ሚስተር ዌንደል አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አለ። «አባቱም ያው ነው፣ እናቱም ያቺው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እነዚያን ሦስት ነገሮች በአንድ ወይፈን ለማገናኘት ስለፋ ነበር፣ እሱ ላይ ተገናኙ። ይሄ ወንድሙ ነው። ያው ይሆናል?»

አዎ ብዬ ብመልስለት ደስ ይለው ነበር። ምናልባት ሊሰማ የፈለገውም ያንን ነው።

«አይሆንም» አልኩት። «ከአባቱ ግማሽ፣ ከእናቱ ግማሽ ይወስዳል። የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ማንም አይመርጥም። ለሁለቱ ያው እጣ አይወጣም። ይሄም ጥሩ ሊሆን ይችላል። እሱን ግን አይሆንም።»

«እንግዲህ እሱ የለም።»

«የለም።»

ራሱን ነቀነቀ። ባርኔጣውን ደፋ። «እንዳልዋሸሽኝ አውቃለሁ» አለና ወደ ቤቱ ገባ። ደህና ሁኑ አላለንም። ይቅር ማለቱ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ መጠየቁም የሚገባኝ አልነበረም።

ስንመለስ ኣርሴማ ብዙ ነድታ ጥግ ይዛ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች።

«ማሚ፣ ማየት ያቃተሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ዓመት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቢዚ ነሽ ብዬ።»

መሪውን አልለቀቀችም። «ሃይልኣብ ከጃንዋሪ ጀምሮ የለም። ኤድመንተን ሄዶ ሌላ ቤት ይዟል። ሶፋውን ወሰደ፣ ልብሱን ወሰደ። ፋሲካ ዕለት ቁም ሣጥኑን ስትከፍቺ አየች ብዬ ነበር። ትጠይቀኛለች ብዬ እስክመልስሽ ድረስ ጠበቅኩ። ዓይንሽን ስትጨፍኚ ማወቅ አልፈለገችም አልኩ።»

«ጓለይ፣ ልጄ» አልኳት፣ «አላየሁም።»

ፊቷን በእጄ ፈለግኩት። አጥንት ብቻ ነው። አምስት ወር ሙሉ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ሆና ብቻዋን ስትከሳ፣ እኔ ማንም ስሜን አይጠራም እያልኩ እጽፍ ነበር።

እሑድ፣ ጁን 8

ኣርሴማ ዛሬ ከሰዓት መጣች። ልሄድ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ተነስታ ሁለቴም ተቀመጠች።

ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ነው። አነበበችልኝ። ዮርዲ ናት፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፈችው፣ ኣርሴማ እየተንተባተበች አወጣችው። «እትዬ ርግበ፣ የባለቤቴ ወረቀት አለፈ። ኦገስት ላይ ይመጣል። እርስዎን ይቅር ማለቴን ገና አላውቅም። ግን ሌላ ማን እንደሚደሰትልኝ ሳስብ እርስዎ ትዝ አሉኝ።»

ኣርሴማ ጣቷን ስልኩ ላይ አዘጋጅታ፣ «ምን ልበላት?» አለች።

ብዙ አሰብኩ። «እንኳን ደስ አለሽ በያት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ይቅርታ ካልኳት መልስ መስጠት ያለባት ይመስላታል።»

ጻፈችና ላከችው። ሁለታችንም ስልኩን እያየን ተቀመጥን፤ እሷ እያየች፣ እኔ ብርሃኑን ብቻ። ብርሃኑ ጠፋ። መልስ አልመጣም። ውጪው ገና አልጨለመም፤ በዚህ ወር እስከ ማታ አራት ሰዓት ብርሃን አለ። ኣርሴማ ጫማዋን አወለቀችና፣ «ማሚ፣ ብርድ ልብሱ የት ነው?» አለችኝ።